ጥቁሩ ስንት ገባ?

ቦሌ የተቀበለኝ የአጎቴ ልጅ ገና ሻንጣዬን ሳይጭን "ብር መነዘርሽ እንዴ?" አለኝ። አዎ፣ እዚያው ኤርፖርት ባንክ አልኩት።

"በስንት?"

"አንዱን ዶላር በ125 ብር።"

"አይ አንቺ! ከባንክ ውጪ 140 እያለ!"

ለጥምቀት 2017 ነው የሄድኩት። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ከረምኩ። ስለተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ልጽፍ ስቀመጥ ባንኩም፣ መኪናውም፣ የስልኩ መላኪያም ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ወደቁ። በየትኛው ምንዛሬ ነው የምናወራው?

የአጎቴን ልጅ አልፈርድበትም። ከዚያ በፊት የመጣሁት በ2016 መጀመሪያ ላይ ነበር። ያኔ ባንኩ 55 ብር ገደማ ሲሰጥ ጥቁሩ፣ የጥቁር ገበያው ዋጋ ማለቴ ነው፣ ከ100 በላይ ነበር። ባንክ የመነዘረ ሰው ይሳቅበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74ን ተሻገረ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ጥቁሩ ግን አልጠፋም። ዶላር የሚፈልግ ነጋዴ ሁሉ ባንክ ሄዶ በፈለገው ቀን አያገኝም። በኮንትሮባንድ ዕቃ የሚያስገባው ደግሞ ከመጀመሪያውም ባንክ ደጃፍ አይደርስም። እነዚህ ሰዎች ላገኙት ዶላር ጨምረው ይከፍላሉ። ይህ የተጨመረበት ዋጋ ነው ጥቁር የሚባለው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ከጥቁሩ ላይ የባንኩን ቀንሱና ለባንኩ አካፍሉት። ድሮ 57 እና 115 ሲሆን ልዩነቱ ከ100 በመቶ በላይ ነበር። እኔ ለጥምቀት 2017 ስሄድ 125 እና 140 ሲሆን 12 በመቶ ነበር። የአጎቴ ልጅ አፍ ላይ ግን ሁለቱም እኩል "አይ አንቺ!" ናቸው።

ባንኩ እንዴት ነበር ካላችሁ፣ ሃያ ደቂቃ ተሰለፍኩ። ፓስፖርት አዩ፣ ደረሰኝ ሰጡኝ። እስክሪብቶ የነካትን አንድ መቶ ዶላሬን አንቀበልም ብለው መለሱልኝ። ስለዚህ አዲስና ንጹህ ኖት ይዛችሁ ሂዱ። ውጪም ቢሆን ያረጀ ኖት ይጣላል፣ የአምስትና የአስር ዶላር ደግሞ ከመቶው ባነሰ ዋጋ ነው የሚገዛው።

የአጎቴ ልጅ ሊያሳየኝ ብሎ የራሱን 200 ዶላር ሰው በሰው አስመነዘረ። 28,000 ብር፣ ሁሉም በባለ ሁለት መቶ፣ በላስቲክ ታስሮ። መንዛሪዎቹ መኪና ውስጥ ስለነበሩ ተቻኩሎ ተቀበለ። ቤት ገብተን ስንቆጥረው ስምንት ኖት ጎድሏል፣ 1,600 ብር። የቀረውን ለ200 አካፈልኩለት፤ 132 መጣ። "አሁንም ከአንቺ ይበልጣል" አለኝ። ይበልጣል፣ እውነቱን ነው። ግን ሥራው ሕገ ወጥ ነው። ቢያጭበረብሩህ ለማን ትከሳለህ? ብሔራዊ ባንክ በ2015 መጀመሪያ በዚሁ የተጠረጠሩ ሰዎችን የባንክ ሂሳብ አሳግዶ ነበር። የማታውቁት ሰው ሂሳባችሁ ውስጥ ብር ሲያስገባ አስቡት።

በስልክ መተግበሪያ መላክንም ሞከርኩ፤ ለአክስቴ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። አንዱ መተግበሪያ በ123 እልካለሁ ይላል፣ አምስት ዶላር ደግሞ ለአገልግሎት ይቆርጣል። ሌላው 122 ይላል፣ ምንም አይቆርጥም። ዓይን ወደ 123 ይሄዳል። በ123ቱ 300 ዶላር ብልክ አክስቴ እጅ 36,900 ብር ይደርሳል፣ ከእኔ ኪስ ግን የወጣው 305 ነው። ሲካፈል 121 አይሞላም። ስለዚህ 122ቱ ይሻላል። የተለጠፈውን ቁጥር ተዉት። እዚያ የደረሰውን ብር ከኪሳችሁ በወጣው ዶላር አካፍሉ፣ ያ ነው ምንዛሬያችሁ። ብዙ ከላካችሁ ደግሞ የአምስቷ ዶላር ጫና እየቀለለ ይሄዳል፤ በ1,000 ዶላር ላይ 123ቱ ያሸንፋል።

ያናደደኝ ግን መኪናው ነው። የተከራየሁት በቀን 50 ዶላር፣ ለአስር ቀን። አከራዩ ሲነግረኝ ትሁት፣ መኪናው ንጹህ፣ ሾፌሩም ጨዋ። ሂሳብ ሲመጣ በብር ልክፈል አልኩ። "ችግር የለም እህቴ፣ በ140 ነው" አለኝ። እኔ የመነዘርኩት በ125። 500 ዶላሩ በባንኩ ሂሳብ 62,500 ብር ነበር፣ በእሱ ሂሳብ 70,000 ሆነ። 7,500 ብር እዚያ ላይ ተመዘዘ። ጥቁር ገበያ ሄጄ አላውቅም ብዬ ስኩራራ ጥቁር ገበያው ራሱ ቤቴ መጣ። ተከራከርኩ፣ ደረሰኜን አወጣሁ፣ ሾፌሩ አፍሮ መስኮት ያያል። በመጨረሻ 67,000 ላይ ተስማማን።

ማረፊያ ቤቱም ዶላር ይጠራ ነበር። እዚያ ግን ተምሬ ስለነበር ገና በሩ ላይ "በብር ስንት ነው?" አልኩ። ሴትየዋ ትንሽ አሰበችና በብር ነገረችኝ። አልጋው ጥሩ ነው፣ ሻወሩ ሙቅ ውኃ ሲያገኝ ጥሩ ነው፣ ቁርሱን ፍርፍር ለሚወድ ሰው ብቻ እመክራለሁ።

ልመለስ ስል ኪሴ ውስጥ ብር ተርፎኝ ነበር። ኤርፖርት ባንኩ ጋ ሄድኩ። ልጅቷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ደረሰኝ አለሽ?" ብላ ነው። ነበረኝ። ዶላር ሲሸጡልህ ግን በመሸጫው ዋጋ ነው፣ ከመግዣው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ትንሽ ጎድሎብኝ ተመለሰልኝ። የአጎቴ ልጅ ከውጪ ስልክ ይደውላል። "በስንት መለሱልሽ?"