ደረጃ ያስገዛኝ ኮርስ

ስለ ጡንቻ ህዋስ ሞት የሚያስተምረውን የኦንላይን ኮርስ የገዛሁት በንዴት ነው። ደረጃ ሽቅብ ቁልቁል ስል ዋልኩና በማግስቱ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ። «ጡንቻዬን ገደልኩት እንዴ?» አልኩ።

ሁለተኛው ክፍል ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። የጡንቻ ህዋስ ብዙ ኒውክለሶች፣ ማለትም የዘር መረጃውን የያዙ ማዕከሎች፣ አሉት። አፖፕቶሲስ፣ ማለትም ህዋስ ራሱን የሚያጠፋበት መንገድ፣ አንዱን ኒውክለስ አጥፍቶ ህዋሱን በሕይወት ሊተወው እንደሚችል በስዕል ያሳያል። ያልለመድነው ስፖርት፣ በተለይ ቁልቁል መውረድ፣ ጡንቻን ይጎዳል፤ ሳተላይት ህዋሶች፣ ማለትም ጡንቻው ዳር የሚቀመጡ ተጠባባቂ ህዋሶች፣ ይጠግኑታል። ሲደገም ጉዳቱ ይቀንሳል። እውነትም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ደረጃ ወረድኩት፤ ምንም አልመሰለኝም።

የአስተማሪው ድምፅ ግን እንቅልፍ ያመጣል። የእርጅናው ክፍል ደግሞ በአብዛኛው የአይጥ ጥናት ነው። ይሄንን በትንንሽ ፊደል ጥግ ላይ መሸጎጥ ምን ይሉታል?