ቤዝመንት ውስጥ ያነጠፍኩት ታይል ካርፔት፦ ከ14 ወር በኋላ

ሜሪላንድ ያለውን ቤታችንን ስንገዛ ቤዝመንቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በጥቅል ካርፔት ተሸፍኖ ነበር። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ስላለው ሲረግጡት ይመቻል። በሁለተኛው ዓመት ከባድ ዝናብ ጣለና በአንዱ ጥግ ውሃ ገባ። ላዩን አደረቅነው፤ ስፖንጁ ግን ውሃውን ይዞ ቀረ። ሰንበት ሲል ሽታው አላስቀምጥ አለን፤ ጥጉን ገልጬ ሳየው ሻጋታ ወርሶታል። ሙሉውን በካተር እየቆራረጥኩ አውጥቼ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ከቤዝመንት ምንጣፍ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ውሃ ሲገባ ተነስቶ፣ ደርቆ፣ ወደ ቦታው የሚመለስ።

የመረጥኩት ታይል ካርፔት ነው፤ ማለትም እንደ ሸክላ ንጣፍ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ አንድ በአንድ የሚነጠፍ ምንጣፍ። የእኔው በየጎኑ 24 ኢንች፣ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ፣ ከጀርባው ማጣበቂያ ያለው ነው። ክሩ ውሃ አይጠጣም፣ ስፖንጅም አያስፈልገውም። ክፍሉ 12 በ20 ፊት ስለሆነ በሂሳቡ 60 ታይል ይበቃዋል። እኔ ግን 5 ካርቶን፣ ማለትም 75 ገዛሁ። በቁርጥራጭ የባከነው ተቀንሶ 9 ተረፈኝ። እነዚያ 9 በኋላ ምን ያህል እንደጠቀሙኝ እነግራችኋለሁ።

ከማንጠፌ በፊት ያደረግኩትን ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። በየአቅጣጫው 18 ኢንች የሚሆን ፕላስቲክ ሲሚንቶው ላይ ዘርግቼ አራቱንም ጠርዝ በቴፕ አሸግኩና ሁለት ቀን ተውኩት። ሦስት ቦታ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። በጥጉ በኩል ግን ፕላስቲኩ ከሥሩ ላብ አውጥቷል፣ ሲሚንቶውም ጠቁሯል። ወጥቼ ሳይ የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን የሚያፈሰው እዚያው ግድግዳው ሥር ነው! መውረጃውን በቱቦ 6 ፊት ያህል ከቤቱ አራቅኩት። ሦስት ሳምንት ቆይቼ እንደገና ስሞክረው ደርቋል። ያኔ ነው ካርቶኑን የከፈትኩት። ማንጠፉ ራሱ ቅዳሜና እሁድ አለቀ፤ ከክፍሉ መሐል መጀመርና ከጀርባው መቁረጥ ብቻ ነው።

በዕንቁጣጣሽ አማቴ ታች ቡና አፈሉልን። ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው፤ ለዕጣኑ ግን ትንሽ ከሰል ነበረች። ፍም ከማጨሻው ዘላ ምንጣፉ ላይ ወደቀች፤ ሽምብራ የምታክል ቦታ ወዲያው ቀለጠ። አማቴ ደንግጠው «ውይ ልጄ፣ በዓመት በዓሉ ቤትህን አቃጠልኩብህ» አሉኝ። ታይሉን ከጠርዙ ፈልቅቄ ሌላ አመጣሁና ቶናው ሳይቀዳ ተካሁት። አዲሱ ታይል ከጎረቤቶቹ ደመቅ ስላለ በማግስቱ ከሶፋው ሥር ካለው ጋር አቀያየርኳቸው። አሁን የትኛው እንደተቀየረ እኔም አልለየውም።

ትልቁ ፈተና በየካቲት መጣ፤ የውሃ ማሞቂያው ሌሊት አፈሰሰ። ጠዋት 12 ታይል ረጥቦ አገኘሁ። አንስቼ ግድግዳ ላይ አቆምኳቸው፣ ወለሉን ወልውዬ ፋን ከፈትኩበት። የረጠበ ምንጣፍ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል፤ እኛ ግን በማግስቱ ማታ መልሰን አነጠፍነው። አራቱ ማጣበቂያቸው ስለደከመ በሁለት በኩል በሚጣበቅ ቴፕ ያዝኳቸው። ሽታ የለም፣ እድፍም የለም። ጥቅል ካርፔት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ወደ ቆሻሻ ነበር የሚሄደው።

ጉድለቱንም ልናገር። ከሥሩ የሚለሰልስ ነገር ስለሌለ ጠንካራ ነው፤ ጃንዋሪ ላይ ደግሞ የሲሚንቶው ብርድ ይሰማል። ልጆቹ መሬት ላይ ሲጫወቱ ብርድ ልብስ እናነጥፍላቸዋለን። ደረጃው ሥር፣ ሁሉም በሚረግጠው ቦታ፣ ሁለት ታይሎች ተጠፍጥፈው ጠርዛቸው ስለተነሳ ቀይሬያቸዋለሁ። ጣሪያችን ከፍ ያለ ቢሆን ከታች እንደ ብጉር ጎበጥ ጎበጥ ያለ ፕላስቲክ ያለውን የእንጨት ወለል አስቀድሜ አነጥፍ ነበር። ብርዱን ያ ያቃልለዋል፤ ግን አንድ ኢንች ያህል ከፍታ ይወስዳል፣ እኛ ዘንድ ደግሞ አሁንም ረጅም ሰው በሩ ላይ ጎንበስ ይላል።

እርጥበት መምጠጫ ማሽን የሌለው ሰው ግን መጀመሪያ እሱን ይግዛ። የእኛ የአየሩን እርጥበት 50 በመቶ ላይ እንዲይዝ ተደርጎ ቀን ከሌት ይሠራል፣ ውሃውን በቱቦ ወደ ወለሉ ፍሳሽ ይለቃል። በበጋ ለሁለት ሳምንት ስንሄድ አጥፍተነው ነበር፤ ስንመለስ መለኪያው 68 ያነብባል፣ ያ የድሮው ሽታም ደረጃው ላይ ተቀበለን። በሦስተኛው ቀን ለቀቀ።

ከ9ኙ ትርፍ ታይሎች 6 ቀርተውኛል። እንዳይጣመሙ ደረጃው ሥር አስተኝቻቸዋለሁ።