ሌት ኢት ጎ፦ የኢዲና ወይስ የዴሚ?
የዲዝኒው አኒሜሽን ፊልም ፍሮዝን ላይ «ሌት ኢት ጎ» የሚለው ዘፈን ሁለቴ እንዳለ ልብ ያላላችሁ ካላችሁ፣ አንዱ በረዶ የመስራት ኃይል ያላት ንግስት ኤልሳ ተራራው ላይ የበረዶ ቤተ መንግስቷን ስትሰራ ኢዲና ሜንዜል የዘፈነችው ነው፣ ሌላው ደሞ ፊልሙ አልቆ የሰሪዎቹ ስም ሲወርድ የሚመጣው የዴሚ ሎቫቶ ፖፕ ቨርዥን። የዴሚው ቢቱ ቶሎ ይይዛል፣ መኪና ውስጥ ከፍ አድርጋችሁ ብትሰሙት ደስ ይላል፣ ድምጿም አይታማም። የኢዲና ግን በፒያኖ ዝግ ብሎ ይጀምርና የፈራች ልጅ ለራሷ የምታወራ ነው የሚመስለው፣ ከዛ ቀስ በቀስ ድምጿ እየተከፈተ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሲፈነዳ እኔን ሁሌም ነው የሚነዝረኝ፣ ብሮድዌይ ላይ ዊክድ የሚባለውን ሙዚቃዊ ቲያትር የተጫወተች ሴት እኮ ናት! ደሞ ኤልሳ መጀመሪያ ክፉ ሆና ነበር የታሰበችው፣ ክሪስተን አንደርሰን ሎፔዝና ሮበርት ሎፔዝ ይሄን ዘፈን ሲጽፉ ነው ታሪኩ የተቀየረው፣ ስለዚህ ከትዕይንቱ ሲነጠል ግማሹ ይቀራል ባይ ነኝ። የአሜሪካው የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ቢልቦርድ ላይም የኢዲና 5ኛ ሲደርስ የዴሚ 38ኛ ላይ ቆመ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ዘፈኑ ኦስካር ሲያሸንፍም መድረኩ ላይ የዘፈነችው ኢዲና ናት። ስፖርት ስሰራ የዴሚን እከፍታለሁ፣ ቁጭ ብዬ ለማዳመጥ ግን የኢዲናን።