«ምንም» ተብሎ የተሞላው ፎርም

የቤተ ክርስቲያናችን የጊዜና የጸጋ ማካፈያ አገልግሎት ከተጀመረ አንድ ዓመት ሞላው። ሰጥቼበታለሁ፤ ተቀብዬበታለሁም። የሚሠራውንም የጎደለውንም እንዳየሁት ልጻፍ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፎርም ትሞላላችሁ። ምን እንደምትችሉና በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳላችሁ ትጽፋላችሁ። አስተባባሪዋ ከሚያስፈልገው ሰው ጋር ታገናኛችኋለች። ክፍያ የለውም።

ከዓመታት በፊትም ተሞክሮ ነበር። ያኔ ፎርሙን ሞልተን ሰጠን፤ የደወለልን ግን የለም። ኋላ ላይ ፎርሞቹ በላስቲክ እንደታሰሩ ከመሳቢያ ወጡ። ይሄ ቀላል ጥፋት አይደለም። «እኔ አለሁ» ብሎ የሚጠራው ያጣ ሰው፣ አላስፈልግም ማለት ነው ብሎ ይቀመጣል። ሁለተኛ እጁን አያወጣም። የአሁኑ ፎርም ከድሮው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ሰው ተመድቦለታል። አስተባባሪዋ ፎርሙ በደረሳት በሳምንቱ ትደውላለች። ለእኔ አገልግሎቱ ማለት ያቺ የስልክ ጥሪ ናት።

አንዲት እናት «ምን ይችላሉ?» የሚለው ቦታ ላይ «ምንም» ብለው ጽፈው መለሱ። አስተባባሪዋ ፎርሙን ይዛ ሄደች። አጠገባቸው ተቀምጣ ቀናቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ ጠየቀቻቸው። «እንቅልፍ የለኝም ልጄ። ሳይነጋ ተነሥቼ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ ከዚያ ዝም ብዬ መቀመጥ ነው» አሏት። ከቤት የማይወጡ የሦስት ሰዎችን ስልክ በትልልቅ ቁጥር ጽፋ ሰጠቻቸው።

ከሦስቱ አንዷ እናቴ ነበረች። እግሯ ተሰብሮ ተኝታ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስልኩ ይጠራል። «እንዴት አደርሽ? እግርሽስ?» ይባላል። አንድ መዝሙረ ዳዊት ይነበባል። ከዚያ ጨዋታ ነው። እናቴ ቀድማ ፀጉሯን አበጥራ ትጠብቃለች፤ በስልክ እንደማትታይ እያወቀች። ከሌላው ክፍል ሆኜ ሳቋን የሰማሁበትን ቀን አልረሳውም። ከወደቀች ጀምሮ ስቃ አታውቅም ነበር።

ጌታ ኢየሱስ በተናገረው የመክሊት ምሳሌ፣ አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ትንሽ የደረሰው ይመስለናል። በዚያ ዘመን አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ነበር። አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው የ20 ዓመት ገደማ ደመወዝ ማለት ነው። እኚያ እናት ይህን ያህል ይዘው ነው «ምንም» ያሉት።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሞላሁትም እሱኑ ነው። ባሏ ወደሞተባት እህት ተላክሁ። ወረቀቱ ሁሉ በአንድ ከረጢት ታጭቋል። በተጻፈበት ቀን ቅደም ተከተል እየለየን ሳለ ከደረሰኞቹ መሀል የባሏ የእጅ ጽሑፍ ወጣ። ያን ቀን ሒሳብ አልሠራንም። ስለ እሱ ስታወራ አዳመጥኳት። ሒሳቡን በአራተኛው ቅዳሜ ጨረስን።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የሚጠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። እሺ ማለት የሚቀናት አንዲት እህት በሳምንት አራት ቀን ስትሮጥ ከርማ አንድ ቀን ጨርሳ ቀረች። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶች በዕለታዊው እደላ ችላ ሲባሉ፣ ሐዋርያቱ ሁሉን ራሳችን እንያዝ አላሉም። ሰባት ሰዎች ተመርጠው ሥራው ለእነሱ ተሰጠ። ሙሴም ለማደሪያው ድንኳን የመጣው ስጦታ ከሚበቃው በላይ ሲሆን፣ ሕዝቡ ማምጣቱን እንዲያቆም አዋጅ አስነግሯል። እዚህም «አንቺ በቃሽ፣ አሁን ዕረፊ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ፎርሙ ላይ የማብቂያ ቀን ቢጨመር እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው፣ «ምን ያስፈልግዎታል?» የሚል ቦታ አልነበረውም። እናቴ ስትወድቅ እኔ ለማንም አልተናገርኩም። አስተባባሪዋ የሰማችው ከጎረቤት ነው። መስጠት ለምዶብናል፤ «እርዱኝ» ማለት ግን ያሳፍረናል። ጠይቀን ቦታው ከተጨመረ ሦስት ወር ሆነው፤ እስካሁን የሚበዛው ባዶውን ነው የሚመለሰው።

ባለፈው እሁድ እኔ ሞላሁት፦ «ረቡዕ ከሰዓት፣ እናቴን ደግፎ ደጅ የሚያራምድ ሰው።» ማክሰኞ ማታ ተደወለልኝ።