ከተራራው ወደ ባሕሩ፦ በራስ መኪና ወይስ በኪራይ?

ሙቀቱ መጣ ሲባል ስልኬ መጥራት ይጀምራል። "ያ የሄዳችሁበት መንገድ እንዴት ነው? የእኛ መኪና ትችለዋለች?" ጠያቂዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ጓደኞቼ ናቸው። መንገዱ ይሄ ነው፦ ከዲሲ በ66 አውራ ጎዳና ወጥቶ ፍሮንት ሮያል ከተማ፣ ከዚያ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለው በስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል በተራራው ጀርባ ላይ፣ ከዚያ በ64 አውራ ጎዳና ወርዶ ሪችመንድና ኖርፎክ፣ መጨረሻው አውተር ባንክስ የሚባሉት የሰሜን ካሮላይና የባሕር ዳር ደሴቶች። ደርሶ መልሱ፣ ወዲህ ወዲያ ማለቱ ተጨምሮ፣ 750 ማይል ግድም ይሆናል።

መልሴን ላስቀድም። ተከራዩ።

"የራሴ መኪና ቆሞ ለምን ኪራይ እከፍላለሁ?" የምትሉ ብዙ ናችሁ። እኔም ብዬ ነበር። 180 ሺህ ማይል የሄደች የ2009 ኮሮላ ነበረችኝ። ከመውጣታችን በፊት የፊት ፍሬን ሸራዋ መቀየር ነበረበት። መካኒኬ ኦሪጅናሉን 78 ዶላር አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ያው ስም፣ ያው ካርቶን፣ 24 ዶላር። 54 ዶላር አተረፍኩ ብዬ ገዛሁ።

ስካይላይን ላይ ምንም አልታወቀኝም። እዚያ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው፤ ሰውም በየዕይታው እየቆመ ነው የሚሄደው። ጣጣው የመጣው ቶርንተን ጋፕ በሚባለው መውጫ ወጥተን በ211 መንገድ ወደ ሉሬይ ከተማ ስንወርድ ነው። ቁልቁለትና ጥምዝምዝ ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ቀጥሎ ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ እስከ ታች ሰመጠ። በከባድ ማርሽና በእጅ ፍሬን እንደምንም ጥግ አስይዤ አቆምኳት። ልጆቹ ከኋላ ነበሩ። ባለቤቴ እስካሁን ያንን መንገድ ስሙን መስማት አትፈልግም።

ሒሳቡ ይኸውና። ጎታች መኪና 190። ሸራ፣ ዲስክ፣ የፍሬን ዘይትና የእጅ 460። ዕቃው እስኪመጣ ሁለት ሌሊት ሞቴል 230። ባሕሩ ጋ ከፍለን የቀረነው ክፍል 140። ድምሩ 1,020 ዶላር! መካኒኩ አውጥቶ ሲያሳየኝ ሸራው ከብረቱ ተላቋል፤ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ፎርጅድ ነው።

ስለዚህ በራሳችሁ መኪና እንሄዳለን ካላችሁ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላና ፊልትሮ ሻጩን ከማታውቁት ድረ ገጽ አትግዙ። ካርቶኑን አትመኑ፣ የሚኮረጀው እሱ ነው። ከአሮጌው ኦሪጅናል ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑ፣ ጽሕፈቱ ደብዘዝ ያለ ከሆነ መልሱት። ጎማም ላይ ጎኑን አንብቡ። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2317 ካለ በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ቢመስልም እንዲህ ባለ ጎማ ልጆቼን ይዤ ተራራ አልወጣም።

አሁን ወደ ኪራዩ። ባለፈው ዓመት ለ4 ቀን ኮሮላ የምታህል መኪና በቀን 52 ዶላር ያዝኩ። ከታክሱና ከጭማሪው ጋር 268 ሆነ። ነዳጅ 71። በጠቅላላ 339 ዶላር። የራስ መኪና "ነጻ" ነው? የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ለ2025 ለሥራ የተነዳን አንድ ማይል 70 ሳንቲም ነበር ያሰበው። ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። በ750 ማይል ስናባዛው 525 ዶላር ይመጣል። ውስጡ ኢንሹራንስና የመኪናው ዋጋ መውረድም ስላለ ለአሮጌ መኪና ያንሳል። ቢሆንም ሰው ነዳጁን ብቻ ቆጥሮ "70 ዶላር ነው የፈጀብኝ" ሲል ይከነክነኛል። መኪናው እንጀራው የሆነ ሰውማ ጨርሶ አያስብበት። ተራራ ላይ ብትበላሽበት ጉዞው ብቻ አይደለም የሚቀረው፣ የሳምንቱም ገቢ አብሮ ይሄዳል።

ኪራይም ወጥመድ አለው። ያንኑ መኪና፣ ያንኑ ቀን፣ ከኤርፖርቱ ቢሮ 330 አሉኝ፤ ከሰፈሩ 268። 62 ዶላር ለምን ይሂድ? ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ኢንሹራንስ ይገፋሉ፤ ለእኔ በቀን 28፣ ለ4 ቀን 112 ነበር። ከመሄዳችሁ በፊት ለራሳችሁ ኢንሹራንስም ለክሬዲት ካርዳችሁም ደውላችሁ ጠይቁ። ፉል ካቨር፣ ማለትም የራሳችሁን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍን ኢንሹራንስ ያላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ለኪራይም ይሠራላችኋል። ላይቢሊቲ፣ ማለትም በሌላው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት ብቻ የሚሸፍነው ያላችሁ ግን የተከራያችሁትን መኪና ጉዳት አይሸፍንላችሁም፤ ዝም ብላችሁ እምቢ እንዳትሉ። የራሳችሁን ኢዚ ፓስ (የመንገድ ክፍያ የሚቆርጠውን መሣሪያ) ይዛችሁ ሂዱ፣ የአከራዮቹን ከተጠቀማችሁ በየቀኑ ይቆጥራል። ነዳጅ ቀድማችሁ አትክፈሉ። መኪናውን ስትረከቡም ስትመልሱም ዙሪያውን፣ ጎማውን ሳይቀር፣ በቪዲዮ ቅረጹ።

የራስ መኪና የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ አለ። አውተር ባንክስ አሸዋው ላይ መንዳት ለሚፈልግና ፎር ባይ ፎር ላለው ሰው። ፈቃድ ይገዛል፣ የጎማውን ንፋስ ይቀንሳል፣ ይገባል። የኪራይ ውል ብዙውን ጊዜ ይህን ይከለክላል። ለእኛ ዓይነቱ፣ ልጆች ይዞ ውሃ ዳር ድፎውን ለሚቆርስ ቤተሰብ ግን አስፋልቱ ይበቃል።

የቀረው በሁለቱም ያው ነው። የስካይላይን መግቢያ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን ያገለግላል። ነዳጅ ፍሮንት ሮያል ላይ ሙሉ፣ ተራራው ላይ ያለው ቢግ ሜዶውስ በሚባለው ቦታ ብቻ ነው። ሲወርድ ፍሬን ረግጦ መቆየት የለም፣ ማርሽ አክብዱ። አውተር ባንክስ ስትደርሱ ከሀተራስ ወደ ኦክራኮክ ደሴት መኪና የሚያሻግረው ጀልባ ነጻ ስለሆነ አትለፉት።

ኪራዩን ዛሬ ያዙት፣ መሰረዝ በሚቻልበት ዋጋ። ከዚያ በየሳምንቱ እዩት። እኔ መጀመሪያ የያዝኩት 341 ነበር። ሁለቴ ሰርዤ ሁለቴ ስይዝ ነው 268 የገባው።