ለቦኖአችን ባለሙያ ምስጋና፣ የጉድጓድ ውሃ ለምትጠጡ ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ሁለት ሰዎችን ለማመስገን ነው። አንዱ የውሃ ባለሙያ ነው። ሁለተኛዋ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ናት። ስማቸውን ልጽፍ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። እሱ «ደመወዝ የሚከፈለኝን ስራ ነው የሰራሁት፣ ተወው በናትህ» አለኝ። እሷ ሳቀችብኝ። ስለዚህ ስም የለም። የሰፈራችን ሰው ማንን እንደምል ያውቃል።

እኛ ከመቂ ወደ ባቱ በሚወስደው መስመር ያለን ትንሽ ከተማ ነን። ባቱን ዝዋይ የምትሉም አላችሁ፣ አንድ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ከእኛ አካባቢ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። ሲያዩት ጥርት ያለ ነው። አይሸትም፣ አይደፈርስም፣ ሆድ አይቆርጥም። ፍሎራይድ የሚባለው ነገር ግን አለበት፤ እሱ ደግሞ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም።

ፍሎራይዱን ማንም አልጨመረውም። ፋብሪካም አልደፋብንም። ስምጥ ሸለቆው ራሱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ነው፤ ውሃው በዚያ ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቆይ እያሟሟ ይዞት ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል። የኛ ጉድጓድ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። ሆላንዶች የከፈቱት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሰራተኞች በዚሁ ፍሎራይድ ወገባቸውና አንገታቸው እየደረቀ ተሰቃይተዋል። እዚያ ፍሎራይድ መቀነሻ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትም ስለ ስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምረው ጽፈዋል። እውቀቱ ነበረ ማለት ነው። እኛ ሰፈር ድረስ የሚያደርሰው ሰው ነው የጠፋው።

በእኛ በኩል የሚታየው ጥርስ ላይ ነው። ቡናማ ሆኖ ይዥጎረጎራል፤ ሲብስ ይሸረፋል። ልጃገረዶቹ ሲስቁ በነጠላ ጫፍ አፋቸውን ይሸፍናሉ። ለመታወቂያ ፎቶ ሲነሱ ከንፈራቸውን ግጥም ያደርጋሉ። ወላጅ ደግሞ «አትፋቅም እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ከሰል ፈጭቶ ጥርሱን የሚፈትግ ልጅ አውቃለሁ፤ ድዱ እስኪደማ። ይሄ ሁሉ ዘመን ልጆቹን ስናሸማቅቅ የነበረው በውሃው ጥፋት ነው።

ከዚህ በፊት ማጣሪያ ያስገባልን ነበር። ማን እንደሆነ አልጠራም፣ ለምስጋና ስለተነሳሁ ለወቀሳ አልሄድም። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ከረሜላ ታደለ፣ ተሄደ። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ነገር ጊዜውን ጠብቆ መቀየር እንዳለበት የነገረን የለም። የሚለካም አልነበረም። ቧንቧው መውረዱን አላቆመም፣ እኛም «የተጣራ» እያልን ጠጣነው።

ስለዚህ ይሄኛው ባለሙያ ሲመጣ በጥሩ ዓይን አላየነውም። የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ስብሰባ እንድጠራለት ለመነኝ። ጠራሁ። እንደ ሌሎቹ ንግግር ያደርጋል ብለን ስንጠብቅ፣ ከሻንጣው ትናንሽ የመስታወት ብልቃጦች አወጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንዱ ውስጥ ከቤተክርስቲያኑ ቆርቆሮ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አደረገ። ሌላው ውስጥ የቦኖአችንን። ሁለቱም ላይ ቀይ ፈሳሽ ጨመረ፣ ወዘወዘ፣ ከዚያ ብልቃጦቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ከነጭ ወረቀት ፊት ያዛቸው። የዝናቡ ቀይ እንደሆነ ቀረ። የኛው ደበዘዘ። «ቀለሙን የበላው ፍሎራይዱ ነው» አለ። ቀጥሎ መለኪያ መሳሪያው ውስጥ ሲከተው ቁጥሩ ከመሳሪያው አቅም በላይ ሆነና ፍሎራይድ በሌለበት ውሃ አቅጥኖ እንደገና ለካ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ተነስተው መጥተው ብልቃጦቹን በእጃቸው ይዘው አዩ። ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄ የጎረፈው።

«ብናፈላውስ?» አይሆንም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር ይበልጥ ይወፍራል። «ውሃ አጋር ብንጨምርበት?» እሱ ጀርም ነው የሚገድለው፣ ፍሎራይድን አይነካም። «ጨርቅ ላይ ብናጠልለው?» አይ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ያኔ የአጥንት ከሰል የሚባለውን ነገር አነሳ። የከብት አጥንት አየር በማይገባበት ምድጃ ተቃጥሎ፣ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶና ታጥቦ ገንዳ ውስጥ ይሞላል። ውሃው ቀስ ብሎ በውስጡ ሲያልፍ አጥንቱ ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረዋል። አዳራሹ ዝም አለ። ከሴቶቹ ወገን አንዷ እናት ብድግ ብለው «ልጄ፣ አጥንቱ የማን እርድ ነው?» አሉት።

ይሄን ሰውዬ ማክበር የጀመርኩት እዚች ላይ ነው። ብዙ ባለሙያ እዚህ ጋ ይስቃል፣ ወይም «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ይወርፋል። ከተማችን የክርስቲያንም የሙስሊምም ናት። ሰርግ ላይ እንኳ ሁለት ድስት ነው የሚጣደው። በዚህ ነገር ቀልድ የለም። እሱ «እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው» አለ። ቀጥሎ እውነቱን ተናገረ፦ አጥንቱ ከቄራና ከሥጋ ቤት ይሰበሰባል፣ የሁለቱም ተቀላቅሏል። ሊዋሽ ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል? «እኔ ኬሚስትሪውን ነው የማውቀው። ሃይማኖቱን አባቶች ይንገሩን። አጥንቱ የሚቃጠልበት ቦታ ልውሰዳቸውና በዓይናቸው ይዩ» አለ።

ወሰዳቸው። ቄሳችን፣ ሼሃችንና ያን ጥያቄ የጠየቁት እናት ሄዱ፣ እኔም ተከተልኩ። ምድጃው አጠገብ ሲደርሱ መዳፉ ላይ ሦስት ስባሪ አጥንት አሳያቸው። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ነጭ። ጥቁሩን ሰጣቸውና «አሽትቱት» አለ። ስብ ስብ ይሸታል። በቂ ሙቀት አላገኘም፣ ውሃውን ያሸተዋል። ነጩ ደግሞ ከልክ በላይ ተቃጥሏል፣ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙን አጥቷል። የሚፈለገው ግራጫው ነው። ሼሁ የአሳማ አጥንት ሊገባ ይችል እንደሆነ ጠየቁ። ከከብት ውጪ እንደማይቀበሉ የመረከቢያ መዝገቡን ከፍቶ አሳያቸው። ቄሱ ስለ ጾም አነሱ። ሁለቱ አባቶች ዛፍ ስር ተቀምጠው ለረጅም ሰዓት ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ስመለከት ግን ሲሳሳቁ ነበር።

ቄሱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለምዕመኑ ተናገሩ። ሼሁ «ከእኔ በላይ ያሉትን ልጠይቅ» ብለው ቆዩ፣ ከዚያ አርብ ላይ ፈቅደው ተናገሩ። ይሄ የኛ ሰፈር ውሳኔ ነው። የእናንተን የራሳችሁን አባቶች ጠይቁ። እስካሁን በጾም ወቅት አልጠጣም ያሉ አንድ አዛውንት አሉን። ባለሙያው አንድም ቀን አልተከራከራቸውም። ከቤታቸው ቆርቆሮ የዝናብ ውሃ የሚይዝ በርሜል አስገጠመላቸው።

አሁን ስለ ጤና ኤክስቴንሽኗ እህታችን። ማጣሪያው ሲተከል ቦኖው ላይ ሁለት ቧንቧ ሆነ። አንዱ ለመጠጥና ለምግብ፣ አንዱ ለልብስ፣ ለገላና ለከብት። የተጣራው በጀሪካን ትንሽ ጭማሪ ዋጋ አለው። ስለዚህ ሰው የመጠጡን ብቻ ከተጣራው እየቀዳ ሊጡን፣ ሽሮውን፣ ቡናውን በድሮው ውሃ ቀጠለ። ይሄንን ደርሳ ያገኘችው እሷ ናት፤ ቤት ለቤት ስትዞር ማድቤት ገብታ ጀሪካን ስለምታይ። እንጀራ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ የሚያውቅ ያውቃል። ሽሮውም ውሃ ነው። ፍሎራይዱ ከምግቡ ጋር ተመልሶ እየገባ ነበር።

ሰብስባ አላስተማረችም። ቡና ላይ ቁጭ ትላለች፣ አንዱን ቤት በኦሮምኛ፣ አንዱን በአማርኛ፣ እንደየቤቱ። አንድ ቀን የኛ ቤት መጥታ ባለቤቴን «ሊጡን በየትኛው ነው ያቦካሽው?» አለቻት። ባለቤቴ ዝም አለች። እሷም አልተቆጣችም። ሕፃኗን አቅፋ አፏን ከፈት አድርጋ እያሳየች፣ የዚች ልጅ ቋሚ ጥርስ አሁን ድድ ውስጥ እየተሰራ ነው፣ እስከ ስምንት ዓመቷ ገደማ የምትጠጣውና የምትበላው ነው የሚወስነው አለቻት። የትልልቆቹ አንዴ የወጣ ጥርስ ግን ውሃ በመቀየር አይመለስም። ይሄንንም አልደበቀችም። ለዚያ ከሰል ሲፈትግ ለነበረው ልጅ ቆሻሻ እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ አስረዳችው። እናቱ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ወደ ባለሙያው ልመለስ፣ ዋናው ነገር ገና ነው። በየወሩ ይመጣል። ከተጣራው ቧንቧ ይቀዳል፣ ይለካል፣ ቁጥሩን ቦኖው ግድግዳ ላይ ባለች ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጽፋል። ማንበብ የማይችለውም ቁጥሩን ያነባል። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ላይ ለክቶ ቁጥሩ 1.5 ጋ ሊደርስ ሲል የተጣራውን ቧንቧ ዘጋው። ዋዜማ! ጠላ የሚጠመቅበት፣ ዶሮ የሚታጠብበት፣ እንግዳ የሚጠበቅበት ቀን። ወረፋው እስከ ጋሪ ማቆሚያው ደርሶ ነበር። ስንቱ ሰደበው። «ነገ ብትዘጋው ምን ትሆናለህ?» ተባለ። እኔም በልቤ እንደዚያው ብያለሁ። እሱ ግን እጅጌውን ሰብስቦ አሮጌውን ከሰል በአካፋ ማውጣት ጀመረ። ወጣቶቹ ሲያዩት አፈሩና ገቡለት። አዲሱ ተሞልቶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ተለክቶ ሲከፈት መሽቶ ነበር። ያን ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ቢያልፍ ኖሮ ውሃው እንደሆነ ያው ጥርት ያለ ነው፣ ማንም አያውቅበትም ነበር።

ማጣሪያው የመጨረሻ መፍትሔ ነው አይልም። መሸጋገሪያ ነው ይላል። ፍሎራይዱ አነስተኛ የሆነ ውሃ ከሌላ ቦታ በመስመር እስኪመጣ ድረስ። ስለራሱ ስራ እንዲህ የሚናገር ሰው ብዙ አላየሁም።

ጥቆማዬ ይኸው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ወገኖች፣ ወረዳችሁ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሂዱና ፍሎራይዱ ይለካልን በሉ። ማጣሪያ ላስገባላችሁ የሚል ካለ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት «ማን ነው በየወሩ የሚለካው? ሲያልቅ ማን ይቀይረዋል?» በሉት። መልስ ከሌለው ሪባኑን አትቁረጡ። በውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችንም፣ ለትውልድ ሰፈራችሁ ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘብ ስታዋጡ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ግን የውሃ ምርመራውን በበጀቱ ውስጥ አስገቡት። በኛ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓድ ማለት ከፍሎራይድ የጸዳ ማለት አይደለም።

ናሙና ስትወስዱ በብርጭቆ ጠርሙስ አታድርጉ፣ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለማይስማማ። ንጹህ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። መጀመሪያ በዚያው ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ ከዚያ ሙሉት፣ ከየትኛው ጉድጓድና በየትኛው ቀን እንደተቀዳ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበት። እኛ ሰፈር ለምትመጡ ባለሙያው ወሩ በገባ የመጀመሪያው የገበያ ቀን ጠዋት ቦኖው ጋ አይጠፋም፤ የሌላ ቀበሌ ውሃ ይዛችሁ ብትመጡም ይለካላችኋል፣ አይቶ የመለሰው ሰው የለም። እሷን ከፈለጋችሁ ጤና ኬላው ቅርብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ቤት ለቤት ስለምትዞር ጠዋት ድረሱባት።