ዩሪያ፣ ሜላሚን ወይስ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው? ካርቦን ናይትራይድ ከመግዛታችሁ በፊት

በየሴሚስተሩ የማስተርስ ተማሪዎች ይደውሉልኛል። በሚታይ ብርሃን ከውሃ ሃይድሮጅን የሚያወጣ፣ ብረታ ብረት የሌለበት ፎቶካታሊስት (በብርሃን ጉልበት የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን ነገር) ፈልገው ነው። ካርቦን ናይትራይድ ማለታቸው ነው። «የቱን ልግዛ?» ይሉኛል። ዱቄቱ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ዩሪያን ወይም ሜላሚንን ምድጃ ውስጥ በማብሰልም ይሠራል። መልሴ፦ ዩሪያ ግዙና ራሳችሁ አብስሉት።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤ፣ ወራት ጠብቄ፣ የምርምር ገንዘቤን ግማሽ ለ10 ግራም ብልቃጥ ከፈልኩ። ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ሲያዩት ደህና ይመስላል። መብራቱ ስር ግን ሃይድሮጅን የለም ማለት ይቻላል። ግማሽ ግራሙን ክዳን በሌለው ክሩሲብል (ሙቀት የሚችል ስኒ) 750 ዲግሪ ላይ አቃጠልኩት። ንጹህ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሙቀት ሁሉም ጋዝ ሆኖ ይሄድና ስኒው ባዶ ይቀር ነበር። የኔ ስኒ ታች ላይ ነጭ አመድ ቀረ። ማዕድን ቀላቅለውበታል። የግድ የምትገዙ ከሆነ ይህን ሙከራ ሳታደርጉ ደረሰኝ አትፈርሙ። ትንሽ ቆንጥራችሁ የፈላ ውሃ ውስጥም ጨምሩ፤ የሚሟሟ ነገር ካለው በቅጡ ያልበሰለ ወይም ጥሬ ሜላሚን አለበት።

ቀጥሎ ሂሳቡ። ዩሪያም ሜላሚንም 550 ዲግሪ ላይ 4 ሰዓት ይበስላሉ። በደቂቃ 5 ዲግሪ እያሳደግን 550 ለመድረስ ብቻ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ የመብራቱ ወጪ እኩል ነው። ከ20 ግራም ሜላሚን 9 ግራም ገደማ አገኛለሁ። ከ20 ግራም ዩሪያ 1 ግራም ካገኘሁ ደስ ይለኛል። በግራም ካሰባችሁት ሜላሚን ያሸንፋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ኪስ የሚያራቁተው ዱቄቱ አይደለም፤ ፕላቲነሙ ነው። ዱቄቱ ብረት አልባ ቢሆንም፣ ሃይድሮጅኑ በደንብ እንዲወጣ ብዙውን ጊዜ 3 በመቶ ፕላቲነም ይጫንበታል። ኤሌክትሮን የሚለግስ ትራይኤታኖልአሚን የሚባል ኬሚካልም ይጨመራል። ለ100 ሚሊግራም ዱቄት 3 ሚሊግራም ፕላቲነም ማለት ነው፣ ዱቄቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ። የሜላሚኑ ድፍን ነው፤ ሥራው የሚከናወንበት የገጽ ስፋቱ በግራም 10 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። የዩሪያው እንደ ጥጥ የሳሳ ነው፤ ከ50 ያልፋል። ውድ ፕላቲነም ድፍን ዱቄት ላይ ማፍሰስ ያሳዝነኛል።

እ.አ.አ. በ2009 በፖትስዳሙ ማክስ ፕላንክ ተቋም የነበሩት ተመራማሪዎች ነገሩን ሲጀምሩ፣ ሳያናማይድ ከሚባል ሌላ ኬሚካል በሠሩት ዱቄት ያገኙት የብርሃን ምርታማነት (ከገባው ብርሃን ሃይድሮጅን ለማውጣት የዋለው ድርሻ) 0.1 በመቶ ገደማ ነበር። በ2014 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሰዎች ከዩሪያ ሠርተው 400 ናኖሜትር ላይ 26.5 በመቶ አደረሱት።

የማዳበሪያ ዩሪያ ይሆናል ወይ ለምትሉኝ፦ እጅ ለማፍታታት ይሁን፣ ለቴሲስ ግን አይሆንም። ባይዩሬት (ዩሪያ ሲሞቅ የሚፈጠር ውህድ) አለበት፣ ፍሬው ላይም እንዳይጋገር የተጨመረ ነገር አለ። የላቦራቶሪውን ግዙ።

ዩሪያ ክዳን ይወዳል። የተሰነጠቀ ክዳን ከድኜ በማግስቱ ስከፍት ምንም የለም። አሁን ክሩሲብሉን በአሉሚኒየም ፎይል እጠቀልለዋለሁ። አሞኒያ ስለሚወጣ ምድጃው አየር መሳቢያ ሥር ይሁን። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ያን ዱቄት ፕላቲነም አታስነኩት።

አንድ ቀን ምድጃውን ስከፍት ፎይሉ ቀልጦ እንደ እንባ ተንጠባጥቧል። ስክሪኑ 550 ይላል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው ደግሞ 660 ላይ ነው። ለካ የምድጃውን ሙቀት የሚለካው ቴርሞካፕል ተበላሽቷል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዩሪያዬ የጠፋውም በሱ ነው። ቴርሞካፕሉ ተቀየረ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጥፍር የምታህል ፎይል ከክሩሲብሉ አጠገብ ሳላስቀምጥ ምድጃውን አልዘጋም።